ጦርነት በተነሣ ቁጥር የሚሰማው የ«መነጠቅ» ትምህርት

በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት በተቀሰቀሰ ቁጥር በምእመናን ስልክ ላይ ተመሳሳይ ቪዲዮዎች ይዘዋወራሉ። ሦስተኛው ቤተ መቅደስ ሊሠራ ነው፣ አማኞች በድንገት ይነጠቃሉ፣ የቀሩትም ለሰባት ዓመት መከራ ይተዋሉ የሚሉ ናቸው። በሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ ወጣቶች እንኳ «የምንነጠቀው መቼ ነው?» ብለው ጠይቀውናል።

ጥንታዊ የሚመስለው ይህ ትምህርት ሁለት መቶ ዓመት አልሞላውም። ዲስፔንሴሽናሊዝም ይባላል። መልክ የሰጠው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ጆን ኔልሰን ዳርቢ ነው፤ በአየርላንድ የአንግሊካን ካህን ሆኖ ሲያገለግል ቆይቶ በኋላ የተለየ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 ስኮፊልድ የተባለ አሜሪካዊ ትምህርቱን በመጽሐፍ ቅዱስ ገጽ ላይ በማብራሪያነት አትሞ አወጣው። ብዙ አንባቢም ማብራሪያውን ከቃሉ ለይቶ ማየት ተሳነው። (ሊቃውንቶቻችን ንባቡን ከትርጓሜው ለይተው ማስተማራቸው በከንቱ አይደለም።)

ዘመንን መክፈል በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ዓመተ ፍዳ፣ ዓመተ ምሕረት ትላለች። ስሕተቱ እግዚአብሔር ሁለት ሕዝብና ሁለት ዕቅድ እንዳለው ማስተማሩ ላይ ነው፦ ምድራዊት እስራኤልና ሰማያዊት ቤተ ክርስቲያን። በዚህ አሳብ ቤተ ክርስቲያን እስራኤል ክርስቶስን ባለመቀበሏ በመካከል የገባች ጊዜያዊት ትሆናለች። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ክርስቶስ ሁለቱን አንድ እንዳደረጋቸው ያስተምራል (ኤፌ. 2፥14)። በሮሜ 11 ያሳየንም አንድ የወይራ ዛፍ ነው፤ በዚያው ምዕራፍ ከአሕዛብ የመጡት በተሰበሩት ቅርንጫፎች ላይ እንዳይታበዩ ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ይህን ትምህርት መንቀፍ አይሁድን መጥላት አይደለም። መነጠቅ የሚለው ቃልም በ1ኛ ተሰሎንቄ 4 አለ፤ ነገር ግን የመላእክት አለቃ ድምፅ፣ መለከትና የሙታን ትንሣኤ አብረውት ተጽፈዋል። ይህ በስውር የሚፈጸም ሳይሆን ሁሉ የሚያየው አንዱ ዳግም ምጽአት ነው።

ጉዳዩ በመጻሕፍት ክርክር ብቻ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ኤምባሲዋን ወደ ኢየሩሳሌም ስታዛውር በምርቃቱ ላይ ከጸለዩት አንዱ የዚህ ትምህርት ሰባኪ ጆን ሄጊ ነበሩ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2006 በዚያችው ከተማ የላቲን፣ የአንግሊካንና የሉተራን መሪዎች ከእኅት ቤተ ክርስቲያናችን ከሶርያ ኦርቶዶክስ ሊቀ ጳጳስ ጋር ሆነው ክርስቲያናዊ ጽዮናዊነትን በጋራ መግለጫ ተቃውመዋል። ከቅድስት ሀገር የሚሰማው የክርስቲያኖች ድምፅ ግን በቪዲዮዎቹ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ለእነርሱ ጦርነቱ የሚጠበቅ ምልክት ነውና።

ጥቅምት 8 ቀን 2016 ዓ.ም. በጋዛ የቅዱስ ጶርፊርዮስ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር በአየር ጥቃት ተመትቶ በዚያ የተጠለሉ ክርስቲያኖች ሞቱ። ስለ መነጠቅ ለጠየቁን ወጣቶች ይህን ስንነግራቸው አንዱ በመገረም «በጋዛም ክርስቲያን አለ እንዴ?» አለን።