የሚለበሱ የሕክምና መሣሪያዎችን የፈለሰፈው ማን ነው? ሐኪሙ ወይስ መሐንዲሱ?

ወደ ሕክምና ተቋም ጎራ ያለ ሰው ሁሉ ጣት ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ የምትነክስ፣ ሁለት ቁጥሮችንም የምታሳይ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ሳያይ አይቀርም። ፐልስ ኦክሲሜትር ትባላለች። ከቁጥሮቹ አንዱ የልብን ምት፣ ሌላው የደምን የኦክስጅን ሙሌት ይናገራል። ደረት ላይ ተለጥፎ የልብን ጠባይ ሌሊትና ቀን የሚመዘግበው፣ ወገብ ላይ ታስሮ ኢንሱሊን በጥቂት በጥቂቱ የሚሰጠው መሣሪያም የእርሷ ዘመዶች ናቸው። ሁሉም ሕመምተኛው ለብሷቸው የሚንቀሳቀስባቸው መሣሪያዎች ናቸው።

ስለ እነዚህ መሣሪያዎች በተማሪዎች መካከል ጨዋታ ሲነሣ ጥያቄው ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ለመሆኑ የፈለሰፈው ሐኪም ነው ወይስ መሐንዲስ?» የሕክምና ተማሪው ለሐኪሙ፣ የምሕንድስና ተማሪው ለመሐንዲሱ ያደላል። በእኛ እምነት ግን ጥያቄው ከመነሻው የተሳሳተ ነው። የሚለበሱ የሕክምና መሣሪያዎች ታሪክ የሚያስተምረን የአንድን ሙያ የበላይነት አይደለም። መሣሪያዎቹ የተወለዱት ሁለት ሙያዎች በተገናኙበት ስፍራ ነው፤ ሊሰማ የሚገባው ሰው ባልተሰማበት ጊዜ ደግሞ መሣሪያው ጉድለት ይዞ ወጥቷል። ይህን የምንለው ለታሪክ ያህል ብቻ ሳይሆን በየግቢያችን ፋኩልቲን ከፋኩልቲ የሚለየው ግድግዳ ስለሚያሳስበን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መብራት የጠፋበት ምሽት

በ1950ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ዶክተር ዋልተን ሊሌሃይ የተባሉ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ በልባቸው ግድግዳ ላይ ክፍተት ይዘው የተወለዱ ሕፃናትን ልብ እየከፈቱ ይጠግኑ ነበር። ከጥገናው በኋላ ግን የአንዳንዶቹ ሕፃናት ልብ የራሱን የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው ማስተላለፍ እያቃተው ምቱ እጅግ ይዘገይ ነበር። በ1957 መጀመሪያ ሊሌሃይና ባልደረቦቻቸው ቀጭን ሽቦ በልብ ጡንቻ ውስጥ አኑረው ከውጭ በሚላክ ኤሌክትሪክ የልብን ምት መጠበቅ እንደሚቻል አሳዩ። ይሁን እንጂ ኤሌክትሪኩን የሚልከው ሣጥን በጋሪ የሚገፋና ከግድግዳ ሶኬት ጋር የታሰረ ነበር። ሕፃኑ መንቀሳቀስ የሚችለው ገመዱ እስከፈቀደለት ድረስ ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 31 ቀን በከተማው መብራት ጠፋ። በሕሙማኑ ክፍል ተጠባባቂ ኃይል አልነበረም። ታሪኩን ኋላ የተረኩት ኧርል ባከን እንደሚሉት፣ በዚያ ምክንያት አንድ ሕፃን ሞተ።

ሊሌሃይ ከዚህ በኋላ መፍትሔ የጠየቁት ሌላ ሐኪምን አልነበረም። የጠየቁት የሆስፒታሉን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች እየተመላለሱ የሚጠግኑትን፣ በ1949 ከጋብቻ ዘመዳቸው ጋር በአንድ ጋራዥ ውስጥ ሜድትሮኒክ የተባለ አነስተኛ ድርጅት ያቋቋሙትን የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ባከንን ነበር። ባከን ሲያስቡ ሲያወጡ፣ ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ በተባለ መጽሔት በ1956 የወጣ አንድ የሰርኪት ንድፍ ትዝ አላቸው። ንድፉ ለሙዚቀኞች ምት የሚቆጥረው ሜትሮኖም በትራንዚስተር እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ነበር። ለሙዚቃ ምት የሚቆጥር ለልብስ ለምን አይቆጥርም? ባከን በአራት ሳምንት ውስጥ በባትሪ የምትሠራና ሕመምተኛው ይዟት ሊንቀሳቀስ የሚችል ትንሽ ሣጥን ሠሩ። ሣጥኗ በእንስሳ ላይ እንደተሞከረች በአንድ ሕፃን ላይ ዋለች። በትራንዚስተርና በባትሪ የሚሠራው፣ የሚለበሰው ፔስሜከር፣ ማለትም የልብ ምት ማስተካከያ፣ የተወለደው እንዲህ ነው።

እንግዲህ ይህን የፈለሰፈው ማን ነው? ሽቦውን በልብ ላይ ያኖሩት ሐኪሙ ናቸው። ሣጥኑን የሠሩት መሐንዲሱ ናቸው። ንድፉን ያቀረበው ለተራው አንባቢ የሚታተም መጽሔት ነው። ትራንዚስተሩን ደግሞ በ1947 መጨረሻ ያስገኙት የአንድ የስልክ ኩባንያ ቤተ ሙከራ የፊዚክስ ሊቃውንት ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ሕፃኑ ከግድግዳው ጋር እንደታሰረ ይቀር ነበር።

ከ270 ኪሎ ግራም ወደ ደረት ኪስ

ይህ ያጋጣሚ ነገር እንዳይመስለን ሌሎች ምሳሌዎችን እንመልከት። የኤሌክትሮካርዲዮግራም አባት የሚባሉት ሆላንዳዊው ቪለም አይንትሆቨን በሙያቸው ሐኪም ነበሩ። የልብን ደካማ ኤሌክትሪክ ለመለካት ሲነሡ ግን ሕክምና ብቻውን እንደማይበቃቸው ስለተረዱ ሒሳብና ፊዚክስ በራሳቸው ጥረት ተማሩ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የሠሩት መሣሪያ 270 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝንና በአምስት ሰዎች የሚንቀሳቀስ ነበር። ለዚህ ሥራቸው በ1924 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

አሜሪካዊው ኖርማን ሆልተር በአንጻሩ ሐኪም አልነበሩም፤ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ሰው ነበሩ። ሕመምተኛው አልጋ ላይ ተኝቶ ለጥቂት ደቂቃ ሲለካ ልቡ ደኅና ሊመስል ይችላል፤ ሲሠራ፣ ደረጃ ሲወጣ፣ ሲናደድስ? ሆልተር ይህን ለማወቅ በ1947 በጀርባ የሚታዘል 38 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን መሣሪያ ሠሩ። መሣሪያው እያነሰ እያነሰ ሄዶ በ1961 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ለዓለም ተዋወቀ። ዛሬ ሐኪሞች «ሆልተር ይደረግለት» ሲሉ የሐኪም ያልሆነን ሰው ስም መጥራታቸው ነው።

ዲን ኬመን በ1970ዎቹ በሰውነት ላይ የሚታሰር የመድኃኒት ፓምፕ ሲሠሩ ገና የኮሌጅ ተማሪ ነበሩ። የሕክምና ትምህርት ይከታተሉ የነበሩት ወንድማቸው፣ ለሕሙማን በጣም አነስተኛ መጠን ያለው መድኃኒት ሳያቋርጥ የሚሰጥ አስተማማኝ መሣሪያ እንደሌለ ይነግሯቸው ነበር። የቤተሰብ ወሬ የነበረው ነገር መሣሪያ ሆነ፤ ይኸው የፓምፕ ዓይነት ኋላ ለስኳር ሕሙማን ኢንሱሊን መስጫ ዋለ።

ከእነዚህ ታሪኮች ውስጥ አንድ ነገር ይደጋገማል። ፈልሳፊው ሐኪምም ይሁን መሐንዲስ፣ የሌላው ሙያ ድምፅ በጆሮው አጠገብ ነበር፤ ወይ በጥገና ሥራ፣ ወይ በራስ ጥናት፣ ወይ በወንድም በኩል። አበው «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላሉ። ትራንዚስተር ምን እንደሚሠራ ያልሰማ ሐኪም ገመድ የሌለበት መሣሪያ አይመኝም። የሕሙማን ክፍል ገብቶ የማያውቅ መሐንዲስም በዚያ ገመድ ላይ የታሰረውን ሕፃን አያይም። ስለዚህ ከመፍትሔው በፊት ምኞቱ ራሱ የሁለት ሰዎች ሥራ ነው።

ያልተጠየቀው ቆዳ

አሁን በመግቢያችን ወደጠቀስናት የጣት መሣሪያ እንመለስ። የፐልስ ኦክሲሜትር መሠረተ ሐሳብ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ የመነጨ ነው። አዮያጊ በደም ውስጥ የተጨመረ ቀለምን በብርሃን እየተከታተሉ ልብ የሚረጨውን ደም ሊለኩ ሲሞክሩ፣ የደም ሥር ትርታ ልኬታቸውን ያበላሽባቸው ነበር። በመጨረሻ ግን ያ ረባሽ ትርታ ራሱ የኦክስጅንን መጠን ሊነግር እንደሚችል አስተዋሉ። በ1980ዎቹ መሣሪያውን በቀዶ ሕክምና ክፍሎች ውስጥ በስፋት ካስገቡት መካከል ዊልያም ኒው ይገኙበታል፤ እኒህ ሰው የሰመመን ሐኪምም የኤሌክትሪክ መሐንዲስም ነበሩ።

አሠራሩ ረቂቅ አይደለም። መሣሪያዋ ቀይና ኢንፍራሬድ የሆኑ ሁለት ብርሃኖችን በጣት ውስጥ ታሳልፋለች። ኦክስጅን የያዘ ሄሞግሎቢን ቀዩን ብርሃን በብዛት ያሳልፋል፤ ኦክስጅን ያልያዘው ደግሞ ቀዩን ይውጣል። መሣሪያዋ የሁለቱን ብርሃኖች ንጽጽር በፈቃደኛ ሰዎች ላይ አስቀድሞ ከተወሰደ ልኬት ጋር አመሳክራ ቁጥሩን ታወጣለች። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ብርሃኑ ደም ጋ ከመድረሱ በፊት ቆዳን ያልፋል፤ ለቆዳ ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒንም ብርሃን ይውጣል። እነዚያ ፈቃደኞች በአብዛኛው ነጮች ከሆኑ ቁጥሩ ለእነማን ይታመናል?

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የኦክስጅን መጠን ዝቅ ሲል መሣሪያዎቹ በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር እንደሚያሳዩ በ2005 አሳትመው ነበር። ነገሩ ግን በሕክምናው ዓለም ብዙ ሰሚ አላገኘም። በ2020፣ በኮቪድ ወረርሽኝ መካከል፣ ጥያቄውን ለሕዝብ ያቀረቡት ሐኪምም መሐንዲስም ያልሆኑ ኤሚ ሞራን-ቶማስ የተባሉ የአንትሮፖሎጂ ምሁር ነበሩ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የሆስፒታላቸውን መዛግብት መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ የሚል ደኅና ቁጥር ባሳየበት ጊዜ፣ ከደም ቅዳ የተወሰደው ልኬት ከ88 በመቶ በታች ሆኖ የተገኘው በነጮች 3.6 በመቶ፣ በጥቁሮች ደግሞ 11.7 በመቶ በሚሆኑት ልኬቶች ላይ ነበር። ይህም ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ልብ በሉ፤ ኦክስጅን የሚያስፈልገው ሰው «ደኅና ነህ» ሊባል ይችላል ማለት ነው።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2013 ባወጣው መመሪያ በሙከራው ውስጥ እንዲካተቱ የመከረው ቢያንስ ሁለት ወይም ከተሳታፊዎቹ 15 በመቶ የሚሆኑ ጥቁር ቆዳ ያላቸው ሰዎችን ነበር። ሙከራው በብዙ ዓይነት የቆዳ ቀለም ላይ እንዲካሄድ የሚጠይቅ ረቂቅ መመሪያ የወጣው በ2025 ነው።

የእኛ ድርሻ

የኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2016 የሕክምና ኦክስጅንንና ፐልስ ኦክሲሜትርን በአገሪቱ ለማስፋፋት ፍኖተ ካርታ ማውጣቱ ይታወሳል። በጎ ሥራ ነው፤ ጉድለት ያለበት መሣሪያ ከምንም የተሻለ መሆኑም አይካድም። ነገር ግን መሣሪያውን ከውጭ ስናስገባ አብረን የምናስገባው የተለካባቸውን ሰዎች ቆዳና የኖሩበትን ስፍራ ጭምር መሆኑን መዘንጋት የለብንም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ስለዚህ በባሕር ጠረፍ «መደበኛ» የተባለው ቁጥር በደጋ ላይም መደበኛ ስለመሆኑ መጠየቅ ያለበት ማን ነው? በደጋ የሚኖረው እኛ ነንና ጥያቄው የእኛ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጅማንና አዲስ አበባን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች የባዮሜዲካል ምሕንድስና ትምህርት መስጠታቸው ትልቅ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን አንድ የትምህርት ክፍል ብቻውን ግድግዳ አያፈርስም። የፊዚክስና የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ጥቂት ሳምንታት በሕሙማን ክፍል ውስጥ ነርሶች የሚቸገሩበትን ነገር እየመዘገቡ ይዋሉ። የሕክምና ተማሪዎችም ቢያንስ አንዲት ቀላል ሰርኪት በገዛ እጃቸው ይበይዱ። የመመረቂያ ጥናት ርእሶች ከመጻሕፍት ብቻ ሳይሆን ከሆስፒታል ይምጡ፤ አማካሪዎቹም ከሁለቱም ወገን ይሁኑ።

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ እናውቃለን። የመጀመሪያው «ከሁሉም የቀመሰ አንዱንም ሳያውቅ ይቀራል» የሚል ነው። እኛ ግን ሁሉም ሁሉንም ይማር አላልንም። ባከን ሐኪም አልሆኑም፤ ሊሌሃይም መሐንዲስ አልሆኑም። ሁለቱም በየሙያቸው የበቁ ሆነው እርስ በርስ ተደማመጡ። ሁለተኛው «ገንዘብ የለንም» የሚል ነው። የገንዘብ እጥረት እውነት ነው፤ ዳሩ ግን አንድን ተማሪ ግቢ አሻግሮ ሆስፒታል ለማድረስ የሚጠይቀው ወጪ ጥቂት ነው፤ የባከን ሰርኪትም የመጣው ከአንድ መጽሔት ገጽ ነበር።

አንድ ማሳሰቢያ ግን እንጨምር። በዚያን ዘመን አንድ ሣጥን በእንስሳ ላይ እንደተሞከረ በሕፃን ላይ ሊውል ችሏል። ዛሬ እንዲህ ማድረግ አይፈቀድም፤ ሊፈቀድም አይገባም። በሰው አካል ላይ የሚታሰር ነገር የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይመረምረው፣ ደኅንነቱ ሳይረጋገጥና ሕመምተኛው ሳይፈቅድ መሞከር የለበትም። ትጋት ጥንቃቄን አይተካም።

ውድ ተማሪዎች፣ በሚቀጥለው ጊዜ «ሐኪሙ ነው ወይስ መሐንዲሱ?» የሚል ክርክር ሲነሣ ሌላ ጥያቄ እንድታነሡ እንጠይቃችኋለን፤ «መሣሪያው ሲሠራ ማን ተጠየቀ? ማንስ ሳይጠየቅ ቀረ?» ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈልግ ተማሪ ከሕክምና ፋኩልቲም ይምጣ ከሳይንስ ፋኩልቲ፣ የመጀመሪያ ሥራው የሌላኛውን ፋኩልቲ በር ማንኳኳት ይሆናል። በሩን የሚከፍትለት መምህር እንዲያገኝም ምኞታችን ነው።