ሸራው ቤት ይቀየር፤ ደረሰኙ ግን ይናገር

የመኪና ፍሬን ሸራ በራስ እጅ መቀየር የጋራዥ ወጪ ያስቀራል። ክሪክ፣ አስተማማኝ መደገፊያና መፍቻ ላለው ሥራው ያን ያህል አይከብድም። ጀማሪው ግን ሁለት ነገር አይርሳ፦ ሸራ ግራና ቀኙ አብሮ ይቀየራል፤ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊትም ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ ይረገጣል።

ትልቁ ጣጣ ያለው ገበያው ላይ ነው። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ወይም ወደ መርሐቤቴ ለመሻገር ከለሚ ወደ ጀማ ወንዝ የሚወርድ መኪና ፍሬኑ ክፉኛ ይግላል። ደካማ ሸራ አዲስ አበባ ውስጥ ደህና መስሎ ይከርምና ቁልቁለት ላይ ሲግል መያዝ ያቅተዋል። በከባድ ማርሽ መውረድ ያግዛል እንጂ መጥፎውን ሸራ ጥሩ አያደርገውም።

ጋራዥ ሲቀር ሸራውን አገላብጦ የሚያይ መካኒክም ይቀራል። ኃላፊነቱ ወደ ሻጩ ይዞራል ማለት ነው። የሶማሌ ተራ መለዋወጫ ነጋዴ የአምራቹን ስምና የተሠራበትን አገር በደረሰኝ ላይ ጽፎ ቢሸጥ ይጠቀማል። መንዝና ግሼ ድረስ የሚመላለስ ባለመኪና መሐል ሜዳ ላይ ሆኖ ዕቃ መመለስ አይችልም፤ ካመነው ሱቅ ግን አይወጣም።

የርካሽ ሸራ ትርፍ እስከ መጀመሪያው ቁልቁለት ድረስ ነው።