ድጓን በኤክስኤምኤል ስለ ማስፈር

ከደብረ ታቦር በስተ ምሥራቅ፣ በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። በድጓ የዜማው ምልክት ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል፤ ሥርዐቱን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ደረሱት ይነገራል።

ይህን ጽሑፍ በፓይተን ወደ ኤክስኤምኤል ለመለወጥ ቀላል መስሎ የሚታየው መንገድ መረጃውን በዲክሽነሪ አኑሮ ቁልፎቹን ወደ ታግ መገልበጥ ነው። ለብራናው መግለጫ፣ ለቅጠሉ ብዛትና ለመጠኑ፣ ይህ በቂ ነው። ለዜማው ግን ጎጂ ነው። ዲክሽነሪ አንድን ቁልፍ ሁለት ጊዜ አይይዝም፤ ቃሉ ቁልፍ ከሆነ ሦስት ጊዜ ከሚመጣው «ሃሌ ሉያ» የመጨረሻው ብቻ ይቀራል። ሦስቱን የሚለያቸው ደግሞ ምልክታቸው ነበር። ፕሮግራሙ አንዳች ማስጠንቀቂያ ስለማይሰጥ ጉድለቱን የሚያውቀው ዜማውን የተማረ ብቻ ነው። ስለዚህ ቃልና ምልክት ጥንድ ጥንድ ሆነው በተራ የሚሰለፉበት ሊስት ሊመረጥ ይገባል፤ ኮዱ ቢረዝምም።

የፓይተኑ ኤለመንትትሪም ኢንኮዲንግ ካልተነገረው የግእዝን ፊደል በቁጥር ይተካል፤ «ሀ» 4608 ትሆናለች። ለኮምፒዩተር ልዩነት የለውም። ፋይሉን ከፍቶ ሊያርም ለሚቀመጥ የድጓ መምህር ግን ገጹ አይነበብም፤ ዩቲኤፍ 8 ብሎ ማዘዝ የሚጠይቀውም አንድ ቃል መጨመር ብቻ ነው።