የለቀማው ገንዘብና የአረቄ ቤቱ መለኪያ

በበበቃና በቴፒ ሰፋፊ የቡና እርሻዎች ለቀማ ሲደርስ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይገባል። ከለቃሚው ብዙው ከሩቅ የመጣ፣ ቤተሰቡን ትቶ ካምፕ የሚያድር ነው። ቀን እሸት ቡና በኪሎ ሲያስመዝን የዋለው ማታ መለኪያ ይዞ ይቀመጣል፤ ጫት የቃመውም ምርቃናውን ሊያበርድ ወደ ጨብሲ ይሄዳል። አብዛኛው ጠጥቶ ገብቶ በነጋታው ሥራው ላይ ይገኛል። ጥቂቱ ግን ጠዋት ሳይቀምስ እጁ ቅርጫት የማይጨብጥለት ይሆናል። ስሙ ሰካራም፣ ምክሩም «ተው» ይባላል።

«ተው» ብቻውን ሊገድል ይችላል። ለዓመታት በየቀኑ በብዛት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም መንፈራገጥና ቅዠት ሊይዘው፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ስለሚችል የሐኪም ክትትል ያስፈልገዋል። ለዚህ ሚዛን አማን ላይ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለ። ከሆስፒታሉ በር ውጭ የሚጠብቁት ዕዳ፣ ያኮረፈች ሚስት፣ ያመለጠ ሥራና የመጠጥ ጓደኞች ግን በክኒን አይታከሙም። ይህ የማኅበራዊ ሠራተኛ ሥራ ነው።

አገሪቱ ሕግ አላጣችም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው መሸጥንም ከልክሏል። ይበል የሚያሰኝ ነው። የቤት አረቄ ግን ድሮም ማስታወቂያ አላስነገረም፤ የአርባ ዓመቱን ለቃሚም የዕድሜ ገደቡ አይነካውም።

የማኅበራዊ ሠራተኛ ሙያም እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ በደርግ ዘመን ተዘግቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ዳግም ሥራ ጀመረ።

ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሳይሟላለት ማኅበራዊ ሠራተኛ መመደብ ቅንጦት ነው የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የመጠጥ መጠይቅ 10 ጥያቄዎች ብቻ ያሉት፣ በደቂቃዎች የሚያልቅ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቀበሌ ድረስ ይወርዳሉ፤ ዕድሩም በየመንደሩ አለ። የሚፈለገው እነዚህን የሚያገናኝ ሰው ነው፦ ታካሚውን ሆስፒታል የሚያደርስ፣ ሲወጣ ቤቱ ሄዶ የሚጠይቅ፣ ራሱ ከፈቀደ ከደመወዙ ከፊሉ በቀጥታ ለቤተሰቡ እንዲላክ ከእርሻው ጋር የሚነጋገር።

አረቄ አውጪዋም መረሳት የለባትም። ብዙ ጊዜ ልጆቿን በዚያው ጋን የምታሳድግ ሴት ናት፤ ሌላ መተዳደሪያ ሳይፈልጉላት ጋኗን መስበር አንዱን ቤት አድኖ ሌላውን ማፍረስ ይሆናል።

በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በትንሹ መጀመር ይችላል። ለሚቀጥለው ለቀማ አንድ ማኅበራዊ ሠራተኛ ለበበቃ፣ አንድ ለቴፒ ይመድብ፤ ደመወዛቸውን ከእርሻዎቹ ጋር ይጋራ። ለቀማው ሲያበቃ ስንቱ ሕክምና እንደጀመረ፣ ስንቱ ደመወዙን ይዞ ቤቱ እንደገባ ቆጥሮ ለምክር ቤቱ ያቅርብ።