ልትኳል ብላ… (ስለ መነጽርና ስለ ዓይን ሌንስ)

ጥያቄው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ሩቅ ማየት የተሳነው ሰው ለዕለት ኑሮው መነጽር ያድርግ ወይስ ኮንታክት ሌንስ? በሌላው ዓለም ይህ የምርጫና የኪስ ጉዳይ ነው፤ አንዱ ፊቱ ላይ ክብደት አይፈልግም፣ ሌላው ዓይኑን በጣቱ መንካት ይሰቀጥጠዋል፣ ሁለቱም እንደ ፍላጎታቸው ያደርጋሉ። በጅግጅጋ፣ በቀብሪ በያህ፣ በአውበሬና በቶጎ ውጫሌ ግን ጥያቄው ብቻውን አይመጣም። ነፋሱስ? ውኃውስ? ዓይን ቢቀላ ሐኪሙስ የት ነው? የሚሉ ወንድምና እህቶቹን አስከትሎ ይመጣል።

አቋሜን ከወዲሁ ልግለጽ። በእነዚህ ከተሞች ለሚኖር ሰው የዘወትሩ ነገር መነጽር ነው፤ ሌንስ ደግሞ ሐኪም ሲያዝዘው ወይም ለተወሰነ ቀንና ሰዓት ብቻ የሚደረግ እንግዳ መሆን አለበት እላለሁ። ምክንያቴን እዘረዝራለሁ፤ ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። «መነጽር» የሚለው ቃል «ነጸረ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ነው፤ አየ፣ ተመለከተ ማለት ነው። ዐረብኛው «ነዘረ» የዚሁ ቃል የሥጋ ዘመድ ነው። ከ965 እስከ 1040 እ.ኤ.አ. ገደማ የኖረው የባስራው ተወላጅ ኢብን አልሀይሠም ብርሃን ከምናየው ነገር ወደ ዓይናችን እንደሚመጣ ያስረዳበትን ታላቅ መጽሐፉን «ኪታብ አልመናዚር» ብሎ የሰየመው ከዚሁ ግንድ ነው። ሶማሊኛው ግን መነጽርን «ኦኪያሌ» ይለዋል፤ ይህም ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው። መነጽር ራሱ በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በጣሊያን ምድር እንደተሠራ ስናስታውስ፣ ሶማሊኛ ዕቃውን ከነስሙ ከአገሩ ልጅ ተቀበለ ማለት እንችላለን። በጅግጅጋ ገበያ እነዚህ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ ሁሉም ለዚህ ዕቃ ቤተኛ ስም አላቸው። ሌንስን ግን በአማርኛ እንደ መጣ እንጠራዋለን።

የሌንስ ታሪክ አጭር ነው። አዶልፍ ፊክ የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም በ1888 እ.ኤ.አ. ዓይን ላይ የሚቀመጥ የመስታወት ሌንስ መሥራቱን ጽፎ አስታወቀ። ያ ሌንስ ከባድ ስለ ነበር ከጥቂት ሰዓታት በላይ የሚታገሡት አልነበረም። ዛሬ የምናውቀውን ለስላሳ ሌንስ ያስገኘው የቼኩ ኬሚስት ኦቶ ቪክተርሌ ነው። ይህ ሰው በ1961 እ.ኤ.አ. የገና ሰሞን፣ ፕራግ በሚገኘው ቤቱ፣ ከልጆች የብረት መጫወቻና ከብስክሌት ዲናሞ ባበጀው መሣሪያ ሌንሱን እያሽከረከረ ሠራ። ዓለም በስፋት የተጠቀመበት ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት በ1971 ለሽያጭ ከፈቀደው በኋላ ነው። ብልሃቱ የሚደነቅ ነው፤ የተበጀው ግን ንጹሕ ውኃ ከቧንቧ ለሚቀዳበት፣ መንገዱ አስፋልት ለሆነበት፣ ሐኪሙ ለቅርብ ለሆነበት ኑሮ ነው።

የዓይናችን ብሌን መስታወት፣ ኮርኒያ የሚሉት ክፍል፣ የደም ሥር የለውም። እንደ ሌላው አካላችን አየርን ከደም አይቀበልም፤ በእንባ አማካይነት ከውጭው አየር ይተነፍሳል እንጂ። ሌንስ ሲደረግበት በአፍና በአፍንጫው ላይ ስስ ሻሽ እንደ ጣሉበት ሰው ይሆናል። ሻሹ ስስና ንጹሕ ከሆነ፣ ማታ ማታም ከወለቀ፣ ጉዳት የለውም። አቧራ የጠገበ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ጅግጅጋ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ከካራማራ ተራራ በስተ ምሥራቅ በተዘረጋ ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። ነፋሱን የሚገታው ነገር ጥቂት ነው። የካራን ዝናብ አልፎ ጂላል፣ ደረቁ ወቅት፣ ሲገባ የሜዳው አፈር ተነሥቶ ከተማውን ያለብሳል። በባጃጅ ተሳፍሮ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ቅንድቡ ነጭ ሆኖ ይወርዳል። በሲቲ ዞን፣ በሽንሌና በኤረር በኩል፣ ሙቀቱ ይጨመርበታል። በዚህ አየር አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከሌንስ ሥር ብትገባ የኮርኒያን ቆዳ ትፍቃለች፤ የተፋቀ ቆዳ ደግሞ ለጀርም የተከፈተ በር ነው። መነጽር ግን በዚሁ ነፋስ ፊት ጋሻ ነው። ያው መስታወት ማየት ያስችላል፣ ያው መስታወት አቧራ ይመክታል፤ የፀሐይን ጎጂ ጨረር የሚያስቀር ሽፋን ካለውም ጨረሩን ይቀንሳል። በዓይን ነጭ ላይ የሚበቅለው ሥጋ መሰል ነገር ከፀሐይ፣ ከነፋስና ከአቧራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ስናስብ ይህ ጋሻነት ትንሽ ነገር አይደለም።

ከነፋሱ ቀጥሎ የውኃ ነገር ይመጣል። ሌንስ የሚያደርግ ሰው እጁን በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ በደረቅ ጨርቅ አድርቆ ነው ሌንሱን የሚነካው። ሌንሱን ግን ውኃ ፈጽሞ ሊነካው አይገባም፤ ለዚሁ በተዘጋጀ ፈሳሽ ብቻ ይታጠባል። ምክንያቱም አካንታሚባ የሚባል በዓይን የማይታይ ተሐዋሲ በቧንቧ ውኃ፣ በሮቶና በጉድጓድ ውኃ ውስጥ ይኖራል፤ ሌንስ ሥር ከገባ ኮርኒያን እየበላ ለወራት ያሠቃያል፣ መድኃኒቱም በየፋርማሲው የሚገኝ አይደለም። እንግዲህ ውኃ በአህያ ጋሪ ተጭኖ በሚመጣበት፣ በብርካ ተጠራቅሞ በሚጠጣበት አገር ይህን ሕግ ቀን ከቀን፣ ዓመት ከዓመት መጠበቅ ይቻላልን? ጠንቃቃ ሰው ይችል ይሆናል። የዘወትር ዕቃ መመዘን ያለበት ግን በጠንቃቃው ቀን ሳይሆን በደከመን ቀን ነው። መብራት በጠፋበት፣ ፈሳሹ ባለቀበት፣ ከሠርግ በእኩለ ሌሊት በተመለስንበት ቀን ምን ይሆናል? ከነሌንስ ይተኛል። ከነሌንስ መተኛት ብቻውን የኮርኒያ ቁስለትን አደጋ ከ6 እስከ 8 እጥፍ እንደሚያሳድገው የዘርፉ ጠበብት ይናገራሉ።

የውኃን ነገር ካነሣን በቀን አምስት ጊዜ ስለሚሰገድበት ኑሮ መናገር ግድ ነው። መነጽር የሚያደርጉ ሰዎች ለውዱእ ማውለቁ፣ ለሱጁድ ግንባርን ሲደፉ መንሸራተቱ ያሰለቻቸዋል፤ ስለዚህ ሌንስ የሚመኙ አሉ። ምኞቱ ይገባኛል። በውዱእ ፊትን መታጠብ ግዴታ ቢሆንም የዓይንን ውስጥ ማጠብ ግዴታ ስላልሆነ ሌንስ ማድረጉ በራሱ ችግር የለውም። ነገር ግን ፊት በቀን አምስት ጊዜ በውኃ ሲርስ፣ ያውም ከብርካ በተቀዳ ውኃ፣ ሌንሱም አምስት ጊዜ ለአደጋ ይቀርባል ማለት ነው። መነጽርን ማውለቅና መልሶ ማድረግ የአፍታ ሥራ ነው። ጆሮ ላይ ጠበቅ የሚል ማሰሪያ ቢደረግለት ደግሞ በሱጁድ አይወድቅም። ሂጃብ ለሚያደርጉ እህቶችም ቀጭን እጀታ ያለውን መምረጥ ሰሌንጋቸውን ከመጨነቅ ያድናቸዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የቀላው ዓይን ነገር ነው። ሌንስ የሚያደርግ ሰው ዓይኑ ቀልቶ ካመመው፣ ብርሃን ካስፈራው፣ ሌንሱን አውልቆ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ማግኘት አለበት። ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ከያዘው በጥቂት ቀናት ውስጥ ኮርኒያውን ሊበሳው ይችላል። ጅግጅጋ ያለ ሰው በከተማው ሆስፒታል ሐኪም ቢያገኝ እሰየው። በአውበሬ ወይም በቶጎ ውጫሌ ያለው ግን መጀመሪያ ጅግጅጋ መድረስ አለበት። ከዚያ የባሰ ከሆነ ሐረር ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት አልፎ ነው፤ አዲስ አበባና ምኒልክ ሆስፒታል ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። መነጽር ቢሰበር የሚሰበረው መነጽር ነው። ሌንስ ሲበላሽ የሚበላሸው ዓይን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ ማብራሪያ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ ወጣቱ ሌንስን ለምን ይመርጣል? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስለ መልክ ነው። መነጽር ያደረገ ልጅ በክፍል ውስጥ «ባለ አራት ዓይን» ይባላል። መነጽር ያደረገች ልጅ ደግሞ ባል ይርቃታል የሚል ወሬ ይነገራታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስ። በአገራችን የቤተ ክህነት ትምህርት «አራት ዓይና» ስድብ ሆኖ አያውቅም፤ የብሉይን፣ የሐዲስን፣ የሊቃውንትንና የመነኮሳትን አራቱን ጉባኤያት አጠናቅቆ ላወቀ ሊቅ የሚሰጥ የክብር ስም ነው። የቁርኣን መምህራንም በስተርጅና መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ሲያስቀሩ ማንም አይስቅባቸውም። በሽማግሌው ፊት ላይ የእውቀት ምልክት የሆነው ነገር በልጁ ፊት ላይ የጉድለት ምልክት የሚሆንበት ምክንያት ምንድር ነው?

የሚያሳዝነው ነገር፣ ስድቡን ፈርቶ መነጽሩን የጣለ ልጅ ሁልጊዜ ሌንስ አይገዛም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሳያይ ይቀራል። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሰሌዳው ደብዝዞበት «ሰነፍ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የዓይን ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ማየት ከተሳናቸው 1.6 በመቶ ሰዎች በተጨማሪ 3.7 በመቶው እይታው የደከመ መሆኑን አሳይቶ ነበር። ከእነዚህ እይታቸው ከደከመ ሰዎች ሲሶ የሚሆኑት ችግራቸው በመነጽር የሚስተካከል የእይታ ግድፈት ነበር። ቀዶ ሕክምና አላስፈለጋቸውም፣ ተአምርም አላስፈለጋቸውም፤ ሁለት ቁራጭ መስታወት እንጂ።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ባለ ቀለም ሌንስ ነው። እይታን ለማስተካከል ሳይሆን ጥቁሩን ዓይን ሰማያዊ ወይም አመድማ ለማስመሰል፣ ያለ ሐኪም ምርመራ፣ ከሽቶና ከከንፈር ቀለም ጋር ተገዝቶ ለሠርግ ቀን የሚደረገው። የአንዷ ልኬት ለሌላዋ አይሆንም፤ በጓደኛሞች መካከል መዋዋስ ደግሞ በሽታን መዋዋስ ነው። የትራኮማ ጠባሳ ባለበት ሽፋሽፍት ሥር ሲገባማ ጉዳቱ ይበረታል። የአገሬ ሰው «ልትኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች» ያለው ሌንስ ሳይፈጠር ነው፤ ዛሬ ቢሆን ኖሮ ምን ይል ይሆን? በኩል የተዋበውን የሶማሌ ሴት ጥቁር ዓይን በፕላስቲክ መሸፈንስ ምን የሚሉት ጌጥ ነው?

እውነቱን ለመናገር ግን ሌንስ ሁሉ ቅንጦት አይደለም። ኮርኒያው እንደ ሾጣጣ ጫፍ ለሚወጣበት ሰው ጠንካራው ሌንስ መነጽር የማይሰጠውን እይታ ይሰጠዋል። የሁለቱ ዓይኖቹ ልኬት እጅግ ለሚራራቅበትም እንዲሁ። ኳስ የሚጫወት ወጣት ለጨዋታው ሰዓት ቢያደርገው አልቃወምም። እነዚህ ሰዎች ሊነፈጉት አይገባም፤ ሊታገዙ ይገባል እንጂ።

ሌንስ የግድ ያስፈለገው ሰው ቢያንስ እነዚህን ይጠብቅ፦ ከተቻለ በየቀኑ የሚጣለውን ዓይነት ይምረጥ። ከመታጠቡና ከመተኛቱ በፊት ያውልቅ። በምራቅም ሆነ በውኃ አያጥበው። ያደረውን ፈሳሽ ደፍቶ በአዲስ ይተካ፤ በአሮጌው ላይ አይጨምር። ማስቀመጫውን በየሦስት ወሩ ይለውጥ። ሴት ከሆነች ሌንሱን ከኩሉ በፊት ታድርግ፤ ኩሉንም በሽፋሽፍቷ ውስጠኛ ጠርዝ አታስገባ። ከሁሉም በላይ፣ ልኩን የጠበቀ መነጽር በቤቱ ይኑረው። መነጽር የሌለው የሌንስ ተጠቃሚ ዓይኑ በቀላ ቀን እንኳ ሌንሱን ለማውለቅ ያመነታልና።

ለሌሎቻችን የሚበጀው አጭር ነው። ወላጆች የልጃቸውን ዓይን ከማርኩ በፊት ይመርምሩ፤ መምህራን «ሰነፍ» ከማለታቸው በፊት ልጁን ወደ ፊት ወንበር አምጥተው ይሞክሩት። የክልሉ ትምህርትና ጤና ቢሮዎች በዓመት አንድ ቀን የእይታ መለኪያ ሰሌዳ በየትምህርት ቤቱ ቢሰቅሉ ትልቅ ሀብት አይጠይቃቸውም። ነጋዴዎችም ሌንስን ከሽቶ ጎን ማስቀመጡን ቢተዉ ከትርፋቸው ብዙ አይጎድልባቸውም።

ነፋሱ መንፈሱን አይተውም፤ ውኃውም ዛሬና ነገ ከየቤቱ ቧንቧ ላይወርድ ይችላል። በእጃችን ያለው የምንመርጠው ነገር ነው። አቧራውን ተሻግሮ ሰሌዳውን ማንበብ የሚያስችል፣ ሲሰበር የሚጠገን፣ ሲቆሽሽ በጨርቅ የሚጠረግ ዕቃ እያለ፣ ስለ ሰው አፍ ብለን ዓይናችንን አንስጥ።

ዓይናችሁን ይጠብቅላችሁ!