«እንግሊዝኛው ሲጠነክር ይስተካከላል» የሚለው ምክር ይብቃ

አብዛኞቹ የአንደኛ ክፍል ልጆች ሦስት ነጥቦችን ሳይቆጥሩ በአንድ እይታ ይለያሉ። ዲስካልኩሊያ ያለበት ልጅ ግን እነዚያኑ ሦስት ነጥቦች አንድ በአንድ ሊቆጥር ይችላል። ከሰባትና ከስምንት የትኛው እንደሚበልጥ ለመናገር ይዘገያል፤ ትናንት ያጠናው ድምር ዛሬ እንደ አዲስ ጥያቄ ይመጣበታል፤ እኩዮቹ በጣት መቁጠር ከተዉ ከዓመታት በኋላም እርሱ አይተውም። ይህ ስንፍናም የአእምሮ ድክመትም አይደለም፤ ብዛትን የመገንዘብ መሠረታዊ አቅም ላይ የሚታይ የትምህርት እክል ነው። ተመራማሪዎች ከ100 ልጆች ከ3 እስከ 7 በሚሆኑት ላይ እንደሚታይ ይገምታሉ፤ በአንድ ክፍል አንድ ወይም ሁለት ልጅ ማለት ነው።

በሜልበርን የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ስለ እንዲህ ዓይነቱ ልጅ ሲጠይቁ ከሚሰጧቸው መልሶች አንዱ «እንግሊዝኛው ሲጠነክር ይስተካከላል» የሚል ነው። መልሱ ደግነት ይመስላል፤ ውጤቱ ግን የልጁን ዓመታት መብላት ነው።

ይህን መልስ የሚያፈርሰው ማስረጃ ከዚህችው ከተማ የወጣ ነው። የሜልበርን ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ሪቭና የለንደኑ ብራያን በተርዎርዝ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ የቁጥር ቃላት እጅግ ጥቂት የሆኑባቸውን የዋርልፒሪና የአኒንዲልያክዋ ቋንቋዎች የሚናገሩ ሕፃናትን ከሜልበርን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕፃናት ጋር አነጻጸሩ። የብዛት ግንዛቤያቸው ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። በ2012 የታተመው ሌላው ጥናት ደግሞ 159 ልጆችን ከአምስት ዓመት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ዓመታቸው ተከታተለ። ነጥቦችን በመቁጠርና ቁጥሮችን በማወዳደር ቀርፋፋ የነበሩት ልጆች በኋላም በስሌት ወደ ኋላ ቀሩ።

ቋንቋ ፈጽሞ አይመለከተውም አንልም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሒሳብ ጥያቄ እንግሊዝኛ ይጠይቃል። ነገር ግን አማርኛው «አሥራ አንድ»፣ «አሥራ ሁለት» ሲል አሥርን በግልጽ ያሳያል፤ እንግሊዝኛው «ኢለቨን»፣ «ትዌልቭ» ሲል ይሸሽገዋል። በአማርኛም ሲጠየቅ፣ በነጥቦችም ሲፈተን የሚቸገር ልጅ ችግሩ እንግሊዝኛ ብቻ ሊሆን አይችልም።

የቪክቶሪያ መንግሥት ከ2025 ጀምሮ ከፕሬፕ እስከ 2ኛ ክፍል በየቀኑ ቢያንስ 25 ደቂቃ የፎኒክስ ትምህርት እንዲሰጥ ወስኗል። ውሳኔውን እንደግፋለን። ለቁጥርስ? አዲሱ የፌዴራልና የክፍላተ ሀገር የትምህርት ቤቶች ስምምነት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቁጥር ፍተሻ እንዲኖር ይጠይቃል። ፍተሻው በእንግሊዝኛ አረፍተ ነገር የታጨቀ ፈተና ከሆነ ግን የቀድሞውን ስህተት በአዲስ ወረቀት መድገም ይሆናል። ናፕላንን እስከ 3ኛ ክፍል መጠበቅም መፍትሔ አይደለም።

«ልጁ ስም ይለጠፍበታል» የሚሉ አሉ። ስምማ አስቀድሞ ተለጥፎበታል፤ «ሰነፍ» ተብሏል። ይህን ስም ትምህርት ቤት ብቻ አልሰጠውም። የማባዣ ሰንጠረዥ በቁጣ የምናስጠና እኛ ወላጆችም ሰጥተነዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የቁጥር ፍተሻው ነጥብ መቁጠርንና ብዛት ማወዳደርን ይጨምር፤ ትክክለኛነትን ብቻ ሳይሆን ፍጥነትንም ይለካ። ሁለተኛ፣ የእንግሊዝኛ ጀማሪነት ፍተሻን ለማዘግየት ምክንያት አይሁን፤ አስተርጓሚ ይቅረብ። ሦስተኛ፣ ወላጅ ከኪሱ ከፍሎ የባለሙያ ማረጋገጫ እስኪያመጣ ድጋፍ አይከልከል።

ይህ ልመና አይደለም። የ1992ቱ የአካል ጉዳተኞች መድልዎ ሕግ በተለየ መንገድ እንዲማር የሚያደርግ እክል ያለበትንም ልጅ ያቅፋል፤ የ2005ቱ የትምህርት መመዘኛዎችም ትምህርት ቤቶች ወላጅን አማክረው ተገቢ ማስተካከያ እንዲያደርጉ ያስገድዳሉ። ካለመጠየቅ ደጅ አዝማችነት ይቀራል እንዲሉ፣ ወላጆች ይህን መብት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መንግሥትም በጽሑፍ ይመልስ።