ግሸን ሊሳለሙ መጥተው

የወሎ ረሀብ ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው የፈረንጅ ካሜራ ነው። የ1966ቱን ጆናታን ዲምብልቢ፣ የ1977ቱን ማይክል በርክ ለዓለም አሳዩት እንላለን፤ ውለታቸውን አልክድም። በሁለቱ መሀል ግን ካሜራ ያልደረሰበት ረሀብ ነበር። ያኔ አንዲት ተሳላሚ ያደረጉትን ደሴ ላይ የሚያነሣ ሰው ብዙም አልሰማሁም።

ወይዘሮ አበበች ጎበና የወሎ ሰው አይደሉም፤ ትውልዳቸው ሰላሌ፣ ሸበል አቦ ነው። አባታቸውን የጣልያን ጦርነት በላባቸውና በአያቶቻቸው እጅ አደጉ። ገና በአሥር ዓመታቸው ግድም ሳይወዱ ተዳሩ፤ ከባል ቤት ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ። እዚያም ቡናና እህል ወደ ውጭ በሚልክ ድርጅት ተቀጠሩ፤ ሌላ ትዳር ያዙ፤ ደኅና ኑሮ ኖሩ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወደ እኛ አገር መጡ። የግሸን ተሳላሚ ጠበልና እምነት ይዞ ነው የሚመለሰው። እሳቸው ግን የያዙትን ዳቦና ጠበል በየመንገዱ ለወደቀው ሰው አካፍለው ጨረሱ። ከሞተች እናቱ ጡት ያልተላቀቀ ሕፃን ካዩ በኋላ ደግሞ እንደመጡ መመለስ አልሆነላቸውም። ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባልየው “ወይ እኔን፣ ወይ ልጆቹን” አሉ፤ ወይዘሮ አበበች ልጆቹን ይዘው ወጡ። በባልየው ለመፍረድ አልቸኩልም። በአንድ ዓመት 21 ልጅ ቤቱ ሲገባ “እሰይ” የሚል አባወራ ስንት ነው?

“አፍሪካዊቷ ማዘር ትሬዛ” የሚለው ውዳሴ አይጥመኝም። ማዘር ትሬዛ መነኩሲት ነበሩ፤ ጎጆ ትተው አልወጡም። እኚህ ሴት የከፈሉት ትዳራቸውንና ቤታቸውን ነው። ደግሞ ልጅ በማሳደግ ብቻ አላበቁም። ያቋቋሙት ድርጅት ውሎ አድሮ ድሀ እናቶችን ሙያ ማስተማር፣ ማስቆጠብና ማበደር ያዘ። ከሥራቸው ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ እናት ገቢ ካላት ልጇን መንገድ ላይ አትጥልም፣ ለአቅመ ሔዋን ሳትደርስም ለመዳር አትቸኩልም። በሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው ቢባልም በየገጠራችን ከዚያ በፊት የምትዳር ልጅ ዛሬም አልጠፋችም።

ያረፉት ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም በኮቪድ ነው። ከዚያ ወዲያ ብዙም ሳይቆይ በጦርነት ከሰሜን የተፈናቀለው ሕዝብ የደሴን ትምህርት ቤቶች ሞላ። የደሴና የኮምቦልቻ እናቶችም እንደ እሳቸው ከጓዳቸው እየቀነሱ እንጀራና ወጥ ሲያመላለሱ ከረሙ። የእነሱንም ስም የመዘገበ አላየሁም።

አዲስ አበባ የእናቶችና የሕፃናት ሆስፒታል በወይዘሮ አበበች ስም ሰይማለች። ደሴስ? ትምህርት ቤቷን በወይዘሮ ስኅን ስም የጠራች ከተማ ሴትን ማክበር አይቸግራትም። ከገጠር እየመጡ ቤት ተከራይተው ለሚማሩ ልጃገረዶች በወይዘሮ አበበች ስም አንድ ማደሪያ ብትሠራ ያምርባታል። እስከዚያው ግን፣ ለመስከረም 21 ወደ ግሸን ስትወጡ ደሴ የምታድሩ ተሳላሚዎች፣ ከስለታችሁ ላይ ቀንሳችሁ ለአንዲት ተማሪ የደብተር መግዣ ጥላችሁ እለፉ።